ከጅማ ሆኖ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ሒሳብን በኢንተርኔት ማስተዳደር፦ ኮዱ የሚላክበት ስልክ ከተዘጋ ምን ይደረጋል?

የሄርማታ ልጅ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት። አጎቴ ለረጅም ዓመታት አሜሪካ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ወደ ተወለዱባት ጅማ ተመልሰዋል፤ አሁን ሄርማታ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የጡረታ አበላቸው እዚያው አገር ባለ የባንክ ሒሳባቸው ይገባል፤ እዚያ ሳሉ ያወጡት ክሬዲት ካርድም እስካሁን በእጃቸው ነው። ካርዱን የሚጠቀሙበት የአውሮፕላን ትኬት ለመቁረጥ፣ ለልጅ ልጆቻቸው በኢንተርኔት ስጦታ ለመላክና አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ሆቴል ሲያርፉ ለመክፈል ነው።

ወደ ካርዱ ሒሳብ በኢንተርኔት ለመግባት ስንሞክር ግን ተቸገርን። የመለያ ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን በደንብ ያስታውሳሉ፤ ድረ ገጹም ይቀበላቸዋል። ከዚያ በኋላ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ወደ ስልካቸው እንደተላከ የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል፤ የተላከበት ቁጥር ግን አሜሪካ ሳሉ የነበራቸውና ሲመጡ ያዘጉት ነው። ሌላ አማራጭ ስንፈልግ ወይ ወደዚያው ቁጥር ደውሎ ኮዱን በድምፅ ሊነግረን፣ ወይ በቀድሞ የቤት አድራሻቸው ደብዳቤ ሊልክልን ይፈልጋል። ካርዱ በሥራ ላይ ሆኖ ሳለ ዕዳው ስንት እንደደረሰና ክፍያው በጊዜው እየተፈጸመ መሆን አለመሆኑን ሳናውቅ መቆየታችን በጣም አሳስቦናል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ አጎቴ ዐይናቸው ደከም ስላለ የስልኩን ጽሑፍ ማንበብ የሚከብዳቸው መሆኑን የሚመለከት ነው። የይለፍ ቃላቸውን እኔ ይዤ ብከታተልላቸው ይሻላል ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የምታውቁ ብትመክሩን ትልቅ ውለታ ነው።

ከሜሪላንድ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። እዚህ እኛ ጋ ያሉ አዛውንቶች ወደ አገር ቤት ለመመለስ ሲነሡ ሻንጣና ትኬት እንጂ የስልክ ቁጥር ትዝ አይላቸውም፤ ይሁን እንጂ ዛሬ አንድ ሰው ወደ ባንኩም ሆነ ወደ ካርዱ ሒሳብ የሚገባው በስልክ ቁጥሩ በኩል ነው።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት አጎትሽ ራሳቸው ለካርዱ ድርጅት መደወል ነው። የሚደወልበትን ቁጥር ከካርዱ ጀርባ አንብቡ። በኢንተርኔት ፈልጋችሁ ባገኛችሁት ቁጥር ፈጽሞ አትደውሉ፤ የባንክ የደንበኞች አገልግሎት መስለው ቁጥር የሚያስተዋውቁ አጭበርባሪዎች ብዙ ናቸውና። በ1-800 የሚጀምሩት ነጻ መስመሮች ከኢትዮጵያ ላይሠሩ ስለሚችሉ፣ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ደንበኞች ተብሎ ለብቻው የታተመ ቁጥር ካለ እሱን ተጠቀሙ። በብዙ ካርዶች ላይ ይህ ቁጥር ሂሳቡን ተቀባዩ በሚከፍለው ጥሪ ጭምር የሚደወልበት ነው።

የምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት በክረምታቸው ከእናንተ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት በጅማ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። ከመደወላችሁ በፊት ካርዱን፣ ፓስፖርታቸውን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን፣ የቀድሞ አድራሻቸውንና በቅርቡ በካርዱ የከፈሉትን አንድ ሁለት ግዢ አጠገባቸው አስቀምጡ፤ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት በእነዚህ ነው። መናገር ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ አንቺ የምትረጂያቸው ከሆነ መጀመሪያ እሳቸው ፈቃዳቸውን በቃላቸው ለሠራተኛው ይስጡ። አንቺ እሳቸውን መስለሽ እንዳትመልሺ፤ ይህ ሒሳቡን እስከማሳገድ ሊያደርስ ይችላል።

የሚጠየቀውም ግልጽ ይሁን፦ የድሮው ቁጥር ተሰርዞ በኢትዮጵያ ቁጥራቸው ይተካ፤ በ251 የሚጀምር ቁጥር የማይቀበል አሠራር ከሆነ ደግሞ ኮዱ በኢሜይል እንዲመጣ ወይም በስልክ ላይ በሚጫን ኮድ አመንጪ አፕ እንዲተካ ይጠይቁ።

ፈረንጅ አራዳ፦

ይህን ያህል መድከም ያስፈልጋል? ቪፒኤን ከፍታችሁ አሜሪካ ያላችሁ አስመስላችሁ ብትገቡ ድረ ገጹ ኮድ ላይጠይቃችሁ ይችላል። እኔ ለሌላ ነገር እንዲሁ አድርጌ ሠርቶልኛል።

ኮምፒውተር ሳይንስ ጅማ፦

ወንድሜ፣ ቪዲዮ ለማየት የሚሠራ ዘዴ ለገንዘብ ሒሳብ አይሆንም። የካርድ ድርጅቶች ደንበኛው የገባበትን አገር፣ የተጠቀመበትን መሣሪያና የኢንተርኔት አድራሻውን አንድ ላይ ይመዝናሉ። ብዙ ሰው በጋራ የሚጠቀምበት የቪፒኤን አድራሻ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሣል፤ ውጤቱም ኮድ መጠየቁ መቅረቱ ሳይሆን ሒሳቡ መታገዱ ሊሆን ይችላል። በነጻ የሚታደሉት ቪፒኤኖች ደግሞ ማን እንደሚያንቀሳቅሳቸው አይታወቅም። አጎታቸው ጅማ መኖራቸው የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ለድርጅቱ በግልጽ ቢነግሩት ይሻላል።

ከሜሪላንድ የጻፉት ስለ ቁጥሩ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተዘጋ የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ተዘግቶ አይቀርም። የአገሪቱ የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ መሠረት የስልክ ድርጅቱ ቁጥሩን ቢያንስ 45 ቀን አቆይቶ ለሌላ ደንበኛ መስጠት ይችላል። ስለዚህ እናንተ ኮድ ላክልን ባላችሁ ቁጥር ኮዱ የማታውቁት ሰው ስልክ ላይ እየደረሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ ከሒሳቡ እስኪሰረዝ ድረስ ደጋግማችሁ አትሞክሩ።

ከቀረቡት አማራጮች እኔ የምደግፈው ኮድ አመንጪውን አፕ ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ የሚላክ አጭር መልእክት አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። አፑ ግን ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። መጀመሪያ ሲመዘገብ ድርጅቱና ስልኩ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ይጋራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ያን ቁልፍ ከሰዓቱ ጋር አስልተው በየ30 ሴኮንዱ አንድ ዓይነት ኮድ ያወጣሉ። እዚህ ላይ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም እክል አለ። ብዙ ታላላቆቻችን ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማንበብ ሲሉ የስልካቸውን ሰዓት በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩም 3 እንዲል ማለት ነው። ስልኩ ግን አሁንም የሰዓት ክልሉን የአዲስ አበባ አድርጎ ስለሚያስብ የሚያወጣው ኮድ ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል፤ ባለቤቱም አፑ ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አጎትሽ ስልካቸውን እንዲህ አስተካክለው ከሆነ ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሺውና የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ ሌላ አፕ ከፊት አድርጊላቸው።

አፑ ሲመዘገብ የሚሰጡትን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርታቸው ጋር አስቀምጡ። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ መመለሻው እሱ ነው። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተርም ወደዚህ ሒሳብ አትግቡ፤ የምትጽፉትን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ተጭኖበት ይሁን አይሁን የምታረጋግጡበት መንገድ የለም።

የሄርማታ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አጎቴ ደውለው ከረጅም ጥያቄና መልስ በኋላ የድሮው ቁጥር ተሰርዞላቸዋል፤ አፑም ተመዝግቦ አሁን መግባት ችለናል። የስልካቸው ሰዓት በእርግጥም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰ ነበር፤ ያ ምክር ባይደርሰን ኖሮ እዚያው ላይ እንቀር ነበር።

አሁን የምናየውን ግን በትክክል መረዳት እንፈልጋለን። ገጹ ላይ የብድር ጣሪያው 6,000 ዶላር፣ የአሁኑ ሒሳብ 1,310 ዶላር፣ የመጨረሻው ስቴትመንት (ወርሃዊው የሒሳብ መግለጫ) 1,200 ዶላር፣ ዝቅተኛው ክፍያ 36 ዶላር ይላል። ከዚህ በተጨማሪ 4,690 ዶላር ለአጠቃቀም እንደቀረበ ያሳያል። ወንድሜ ይህን ሲያይ አጎታችን 4,690 ዶላር ተቀማጭ ያላቸው መስሎት ነበር። አውቶማቲክ ክፍያ መኖሩንም አይተናል፤ በየወሩ የሚከፍለው ግን ዝቅተኛውን ብቻ ነው። የዓመት ወለዱ 24 በመቶ ይላል። አጎቴ ደግሞ በእምነታቸው ምክንያት ወለድ መክፈል አይፈልጉም፤ ክፍያው አውቶማቲክ ስለሆነ ወለድ እንደሌለበት ነበር የሚያስቡት።

የጅሬን ሒሳብ ባለሙያ፦

እኔ በሒሳብ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ለማስረዳት ልሞክር፤ ከጠቅላላው ጉዳይ ትልቁ ክፍል እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ብረዝም ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኛ አገር በብዛት የምናውቀው የኤቲኤም ካርድ የራሳችንን ተቀማጭ የሚያወጣ ዴቢት ካርድ ነው፤ በሞባይል ባንኪንግ ስንገባም የምናየው ቁጥር የእኛ ገንዘብ ነው። ክሬዲት ካርድ ላይ ግን የሚታየው ቁጥር ዕዳ ነው። 4,690 ዶላር የሚለው ካሁን በኋላ ሊበደሩት የሚችሉት እንጂ ያላቸው ገንዘብ አይደለም፤ ከጣሪያው ላይ የአሁኑ 1,310 ዶላር ዕዳ ተቀንሶ የተገኘ ነው። በአሁኑ ሒሳብና በስቴትመንቱ መካከል ያለው የ110 ዶላር ልዩነት ደግሞ ስቴትመንቱ ከተዘጋ በኋላ የተገዛ ነገር ነው፤ የሚጠየቁበት በሚቀጥለው ወር ነው።

ከገጹ ላይ በመጀመሪያ የሚነበቡት ሁለት ቀኖች ናቸው፤ ስቴትመንቱ የሚዘጋበት ቀንና የክፍያው ማብቂያ ቀን። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የአሜሪካ የካርድ ሕግ መሠረት ስቴትመንቱ ማብቂያው ከመድረሱ ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት፤ ማብቂያውም በየወሩ በአንድ ዓይነት ቀን ይውላል። በማብቂያው ቀን ድርጅቱ ክፍያ መቀበሉን በዚያ አገር ከቀኑ 11 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት) በፊት ማቆም አይችልም። ይህ በምሥራቁ የአሜሪካ ሰዓት ከተቆጠረ በጅማ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። ሆኖም መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ እንዳትቸገሩ ክፍያውን ለመጨረሻው ሌሊት አታቆዩት።

አሁን ወደ ወለዱ ልምጣ። አጎትሽ የስቴትመንቱን ሙሉ ዕዳ በየወሩ እስከ ማብቂያው ቀን ቢከፍሉ በግዢዎቻቸው ላይ ወለድ አይታሰብም። ዝቅተኛውን ብቻ ሲከፍሉ የሚያመልጡት ከዘገየ ክፍያ ቅጣት ነው፤ ከወለድ አያመልጡም። 24 በመቶ ለ365 ቀን ሲካፈል ለአንድ ቀን 0.066 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ በ1,200 ዶላር ላይ በቀን ወደ 79 ሳንቲም፣ በወር ወደ 24 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ ከሚከፈለው 36 ዶላር ውስጥ 24ቱን ወለዱ ይወስደዋል፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 12 ዶላር ብቻ ነው። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው፤ ያው ሕግ ድርጅቱን ስለሚያስገድደው፣ ዝቅተኛውን ብቻ ቢከፍሉ ዕዳው ስንት ዓመት እንደሚፈጅና በ36 ወር ለመጨረስ በወር ስንት መክፈል እንዳለባቸው በየስቴትመንቱ ላይ ታትሟል። ሰንጠረዡን ለአጎትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ሌላም አለ። ዕዳ ሳይከፈል ወደሚቀጥለው ወር ሲሻገር የወለድ ነጻው ጊዜ ይቋረጣል፤ አዲስ የተገዛው ነገርም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። በዚህ ምክንያት አጎትሽ ዛሬ 1,200 ዶላሩን ሙሉ ቢከፍሉም በሚቀጥለው ስቴትመንት ላይ ትንሽ ወለድ ያያሉ፤ ስቴትመንቱ ከተዘጋበት እስከ ከፈሉበት ቀን ያለው ነው። ለምሳሌ በመካከሉ 20 ቀን ካለፈ ወደ 16 ዶላር ገደማ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተጭበረበርኩ ብሎ ይናደዳል ወይም ትንሽ ናት ብሎ ይተዋታል፤ ብትተዋት ግን መልሳ ዕዳ ትሆናለች። እሷንም ከፍለው ቀጣዩን በሙሉ ሲደግሙት ወለዱ ይቆማል።

በዚህ ካርድ ከኤቲኤም ብር እንዳያወጡም አደራ። የጥሬ ገንዘብ ብድር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል፣ የአገልግሎት ክፍያም ይታከልበታል።

መስጊድ ሰፈር፦

አሰላሙ ዓለይኩም። የአጎትሽን ጭንቀት በሚገባ እረዳለሁ። የሒሳብ ባለሙያው እንዳሉት አውቶማቲክ ክፍያውን ከዝቅተኛው ወደ ሙሉ ስቴትመንት ማዛወር ወለዱን ከመክፈል ያድናቸዋል። ከውሉ ውስጥ ስለ ወለድ የተጻፈ አንቀጽ መኖሩ በራሱ እንዴት እንደሚታይ ግን እዚህ የምንወስነው አይደለም፤ አጎትሽ የሚያምኑባቸውን ዓሊም ቀርበው ይጠይቁ።

ከሜሪላንድ፦

አውቶማቲክ ክፍያውን ስታዛውሩ ገንዘቡ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ በማብቂያው ቀን በቂ ተቀማጭ እንዳለው አረጋግጡ። ጡረታው የሚገባበትን ቀን ይዛችሁ ማብቂያው ከዚያ ጥቂት ቀን ቀጥሎ እንዲውል መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ድርጅቶች ይህን በድረ ገጹ ላይ ራስሽ እንድትለውጪው ይፈቅዳሉ። ተቀማጩ አንሶ ክፍያው ቢመለስ ከሁለቱም ወገን ቅጣት ሊመጣ ይችላል።

የሄርማታ ልጅ፦

አሁን አጎቴ ራሳቸው ወደ ሙሉ ስቴትመንት አዛውረውታል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም፤ የይለፍ ቃሉን እኔ ልያዝ? ደግሞም ዝርዝሩን ስናነብ በየወሩ 14.99 ዶላር የሚቆርጥ አጎቴ የማያውቁት ስም አገኘን።

ኮምፒውተር ሳይንስ ጅማ፦

የይለፍ ቃሉን አትያዢው። አጎትሽ አንቺን ስለማያምኑሽ አይደለም። አንድ ቀን የማይታወቅ ክፍያ ቢገኝ ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው የይለፍ ቃልዎን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል ወይ ብሎ ነው፤ መልሳቸው አዎ ከሆነ ጉዳያቸው ይዳከማል። በዚያ ላይ በቤተሰብ መካከል ቅሬታ ቢነሣ አንቺም ንጹሕ መሆንሽን የምታሳዪበት ነገር አይኖርሽም።

ይልቅ የስልኩን ፊደል አተልቂላቸው፤ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላቸውን አገልግሎትም ክፈቺላቸው። መግቢያው በጣት አሻራ እንዲሆን ብታደርጊ በየጊዜው የሚጻፍ ነገር ይቀንሳል። ከዚያ ማሳወቂያዎቹን አስተካክሉ፤ ስቴትመንት ሲወጣ፣ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ክፍያ ሲፈጸምና ካርዱ በተጠቀሙበት ቁጥር ኢሜይል እንዲደርሳቸው አድርጉ። እሳቸው ከፈቀዱ እነዚህ ኢሜይሎች ለአንቺም ቅጂ እንዲደርሱሽ ማድረግ ይቻላል። በዚህ መንገድ ሁሉን ታውቂያለሽ፣ ነገር ግን ምንም መለወጥ አትችዪም። ኢሜይሎቹ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ ግን አትጫኑ፤ የተባለውን ለማየት ሁልጊዜ አፑን ራሱን ከፍታችሁ ግቡ።

በሕጋዊ መንገድ ሥልጣን እንዲኖርሽ ከተፈለገ የካርዱ ድርጅት ውክልና የሚቀበልበትን አሠራር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እዚህ የሚሰጠውን ውክልና እንዳለ ላይቀበለው ይችላል። ተጨማሪ ተጠቃሚ ሆነሽ በስምሽ ካርድ ማውጣት የሚባለውም አለ፤ የምታወጪውን ሁሉ ዕዳ ግን እሳቸው ስለሚሸከሙት አንቺ ለፈለግሽው ጉዳይ አያስፈልግም።

የጅሬን ሒሳብ ባለሙያ፦

ስለ 14.99 ዶላሩ፣ መጀመሪያ ስሙን አጣሩ፤ በስቴትመንት ላይ የሚታየው የድርጅቱ የንግድ ስም ሳይሆን የእናት ኩባንያው ስም ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ሳሉ የተመዘገቡበት የፊልም ወይም የፎቶ ማስቀመጫ አገልግሎት ሆኖ ከተገኘ ለአገልግሎት ሰጪው ነግረው ያቋርጡት፤ ካርዱን መዝጋት ብቻውን ምዝገባውን አያቋርጥም።

በእርግጥ የማያውቁት ከሆነ ግን ቀን አትቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለደንበኛው ከባድ መብት ይሰጠዋል፤ ስሕተቱ ያለበት የመጀመሪያ ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካመለከቱ ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው መድረሱን ማሳወቅና በሁለት የሒሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን መወሰን አለበት። ማጣራቱ እስኪያልቅ አከራካሪውን ገንዘብ እንዲከፍሉ አይገደዱም። ካርዱን ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ ተጠቅሞበት ከሆነ ደግሞ የእሳቸው ኃላፊነት በሕግ ከ50 ዶላር አይበልጥም። በድረ ገጹ ላይ ያለውን የቅሬታ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ከዚያም በላይ ስቴትመንቱ ላይ ለቅሬታ ተብሎ ወደተጻፈው አድራሻ ደብዳቤ ልካችሁ ቅጂውን ያዙ። ማጣራቱ እስኪጀመር ካርዱን በአፑ ላይ ለጊዜው መቆለፍ ይቻላል።

ከዚህ ውስጥ የማታምታቱት አንድ ነገር ይኑር፤ አዲስ አበባ ሆቴል በብር የከፈሉት መጀመሪያ በአንድ መጠን ታይቶ በኋላ በሌላ ቢመዘገብ ስሕተት ላይሆን ይችላል። ምንዛሪው የሚሰላው ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው፤ አንዳንድ ካርዶችም በውጭ አገር ግዢ ላይ እስከ 3 በመቶ ይጨምራሉ።

የሄርማታ ልጅ፦

ክፍያው የፎቶ ማስቀመጫ ሆኖ ተገኘ፤ አጎቴ የልጆቻቸው ፎቶ ያለበት ስለሆነ እንዲቀጥል ወስነዋል። ማሳወቂያዎቹንም ለሁለታችን እንዲደርሱ አድርገናል። አንድ የቀረን ጥያቄ አለ፤ ካርዱ በመጪው ዓመት ጊዜው ያልፍበታል፣ አዲሱ ወደ ጅማ ሊላክ ይችላል?

ከሜሪላንድ፦

ብዙውን ጊዜ አዲሱ ካርድ የሚላከው ሒሳቡ ላይ ወደተመዘገበው አድራሻ ነው፤ የድሮው አድራሻ አሁንም እዚያ ካለ ካርዱ የማያውቁት ሰው ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህ ጊዜው ከማለፉ ከጥቂት ወራት በፊት ይደውሉና አድራሻውን እዚህ ወዳለ የሚያምኑት ዘመድ ያስለውጡ፤ ወደ ኢትዮጵያ በፈጣን መልእክት ይልኩ እንደሆነም በዚያው ይጠይቁ። ዘመዱ ፖስታውን ሳይከፍት በሚመጣ ሰው እጅ ይላክላቸው፤ ካርዱን ሥራ ላይ የሚያውሉት ጅማ ሲደርስ አጎትሽ በራሳቸው አፕ ላይ ነው። ቁጥሩ ባይለወጥም የማብቂያ ጊዜውና ከጀርባ ያለው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ስለሚለወጡ፣ የፎቶ ማስቀመጫው ክፍያ እንዳይቋረጥ በዚያው ቀን አዲሱን እዚያ ያስገቡ።